የ«ጊዜ አለ» ባዩ ሰውዬ የእፎይታ ወር

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመድ አዝማዱ መሐል አንድ «ጊዜ አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። አውቶቡስ ከተነቃነቀ በኋላ የሚሳፈር፣ የሱቅ መዝጊያ ወደ ታች ሲጎተት ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ለሠርግ የሚለብሰውን ሱሪ በሠርጉ ዕለት ጠዋት ከልብስ ሰፊው የሚቀበል ሰው ነው። ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ ሲቁነጠነጥ እሱ ጫማውን ይወለውላል። መዘግየቱስ ይቻላል፤ የሚያናድደው መድረሱ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቢያመልጠው ትምህርት ይሆነው ነበር። እሱ ግን ሁልጊዜ ይደርሳል፤ ደርሶም «አላልኳችሁም?» ይላል።

የዚህ ሕዝብ ሁሉ አለቃ ማን እንደሆነ የምታውቅ አንዲት ሴት አለች። አግብታዋለች።

ክቡር ጊዜ-አለ የአሳንሰር ጠጋኝ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ ሰፈሩም ወዲያው ተቀበለው። ማዕረጉን የጨመረችላቸው ግን ሚስታቸው ናት። ስትቆጣ «ክቡርነትዎ» ትላቸዋለች፤ ብዙ ጊዜ ስለምትቆጣ ሰዉም እየለመደው ሄደ።

ሥራቸው ፎቅ ለፎቅ ነው። አሳንሰር በቆመ ቁጥር ይጠራሉ። ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው፣ በግራ በቀኝ ቅባት በጠጣ የሽቦ ገመድ ተከበው፣ ከበታቻቸው ስንት ፎቅ እንዳለ ቁልቁል ሳያዩ ብሎን ያጠብቃሉ። በሥራቸው ላይ አንድ ነገር ብቻ ለኋላ ብለው አያውቁም። ጉድጓድ ከመግባታቸው በፊት ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ያጠፉና በቀይ ጓጉንቸር ይቆልፉታል፤ ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ። ሲወጡ በገዛ እጃቸው እስኪፈቱት ድረስ ያን ማብሪያ የሚነካው ሰው የለም። ከዚህ ውጭ ባለው ኑሯቸው ሁሉ ጊዜ አለ።

ሚስቲቱ ደግሞ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። በየሳምንቱ መጀመሪያ መደርደሪያዎቹን ትፈትሽና ቀናቸው ያለፈባቸውን ለቅማ ታወጣለች። ለሷ ቀን ማለት ቀን ነው። ትናንት መድኃኒት የነበረው ዛሬ ቆሻሻ ነው፤ ክርክር የለውም። ለሳቸው ግን ከእያንዳንዱ ቀነ ገደብ ጀርባ እውነተኛው ቀነ ገደብ ተደብቆ ይቀመጣል። «የተጻፈው ለፈሪ ነው» ይላሉ። «ዋናው ኋላ ነው የሚመጣው።» እነዚህን ሁለት ሰዎች ምን አገናኛቸው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ሚስቲቱን ምጥ የያዛት ዕለት ክቡርነታቸው «ጊዜ አለ» ብለው ሻያቸውን ጨረሱ። ሴት ልጃቸውም በሆስፒታሉ አሳንሰር ውስጥ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ተወለደች። እስከ ዛሬ ታሪኩን ሲያወሩ «ያን አሳንሰር የጠገንኩት እኔ ነበርኩ፤ አንዴ እንኳ አልተንገጫገጨም» ይላሉ እንጂ ስለ ሻዩ አያነሡም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ሲል ኖሯል። ከጎረቤት የተዋሱት መሰላል በረንዳው ላይ ተቀምጦ ልጅቷ የቤት ዕቃ መስሏት አድጋለች። ባለ መሰላሉ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ክቡርነታቸው ቀድመው ሰላም ይሉታል፤ ስለ ጤናው ይጠይቁታል፤ ስለ መሰላሉ ግን ጊዜ አለ።

እነዚህ ሁሉ ያሥቃሉ። የማያሥቀው የሕይወት መድኑ ነው።

ነገሩ የመጣው ሚስታቸው አንድ ቀን ምሳቸውን ልታደርስ ሄዳ ጉድጓዱን በዓይኗ ካየች በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ምግብ አልወርድ አላት። ክቡርነታቸው እሷን ለማጽናናት የሕይወት መድን ገቡ። በየዓመቱ አረቦን የሚባለውን ክፍያ ይከፍላሉ፤ እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ድርጅቱ ለሚስትና ለልጃቸው መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል። የመክፈያው ቀን ቢያልፍ እንኳ ድርጅቱ ወዲያው ፊቱን አያዞርም፤ አንድ ወር ይታገሣል። ይህ ወር የእፎይታ ጊዜ ይባላል። በወሩ ውስጥ ሰውዬው ቢሞት ውሉ እንደጸና ይቆጠራል። ወሩ ካለቀ ግን ውሉ ይፈርሳል፤ እንደገና ልግባ የሚል ሰው የጤና ምርመራ ማለፍ አለበት። ክቡርነታቸው ደግሞ የደም ግፊት ይዟቸዋል። ኪኒናቸውን ከመደርደሪያው አንሥታ የምታመጣላቸው ሚስታቸው ስለሆነች፣ ምርመራ የሚባለውን እንደማያልፉ ከማንም በላይ ታውቃለች።

አሁን እንዲህ ያለውን ነገር «ጊዜ አለ» ለሚል ሰው ማስነበብ ነበረባቸው? አንድ ወር! ያውም በጽሑፍ! ያውም ማኅተም ተመትቶበት! ክቡርነታቸው የእፎይታ ጊዜውን አንቀጽ ያነበቡ ዕለት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት የኖሩት ነገር በሕግ ጸድቆ አገኙት።

«አየሽ?» አሉ ወረቀቱን እያወዛወዙ። «ከቀኑ ጀርባ ሌላ ቀን አለ አላልኩሽም?»

«እሱ እኮ ለቸገረው ሰው ነው» አለች።

«በዚህ ወር ውስጥ ያለ ሰው በነፃ ነው የሚኖረው። ድርጅቱ በራሱ ወጪ እየጠበቀኝ ምን አስቸኮለኝ? ጊዜ አለ።»

ከዚያ ወዲህ አረቦኑ የሚከፈለው በየዓመቱ በእፎይታው ወር የመጨረሻ ቀን፣ የድርጅቱ ዘበኛ በሩን ሊዘጋ ሲል ሆነ። ዘበኛው ለምዷቸው አንዱን የበር ክንፍ ገርበብ አድርጎ ይጠብቃቸዋል።

እፎይታው የማን እንደሆነ እንጃ እንጂ የሷ አልነበረም። ወሩ ሲገባ እንቅልፏ ይሸሻል። ስልክ ሲጮህ ክው ትላለች። አምቡላንስ በመድኃኒት ቤቱ ደጅ ሲያልፍ የያዘችውን ጠርሙስ አስቀምጣ ድምፁ እስኪርቅ ትቆማለች። ክቡርነታቸው በእረፍት ቀናቸው ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ካሉ ቀስ ብላ ትጠጋና ጣቷን አፍንጫቸው ሥር ታደርጋለች። ትንፋሻቸው ሲነካት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ሳትቆይ ደግሞ ትመጣለች። አንድ ዓመት አላስችል ብሏት ራሷ ልትከፍል ተነሥታ ነበር። «ሳልሞት ልትቀብሪኝ ነው? እከፍላለሁ ካልኩ እከፍላለሁ!» ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፉ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ተወችው፤ ፍርሃቱ ግን አልተዋትም።

ዘንድሮ ወሩ ሲገባ ነገር ዓለሙ ተለየባት። ሌላ ጊዜ ከድርጅቱ አንዲት ልጅ ቤት ድረስ ትደውልና «እትዬ፣ ጋሼን አስታውሱልን» ትላለች። ዘንድሮ አልደወለችም። «እነሱም ተስፋ ቆርጠውብናል» አለች ሴትየዋ በልቧ። ክቡርነታቸውን «ከፈልክ?» ስትላቸው ፈገግ ይላሉ፤ ከፈገግታው በኋላ የምታውቁት መልስ ይመጣል።

እንዲያውም ቤቱ ውስጥ ደግ ደግ ነገር እየታየ ነበር። ቧንቧው መንጠባጠቡን አቆመ። መሰላሉ ከበረንዳው ላይ ጠፋ። ክቡርነታቸው አንድ ቀን ማንም ሳይጎተጉታቸው ሐኪም ቤት ደርሰው መጡ። ምን ሆነህ ነው ብትላቸው «ሌላ ቀን እነግርሻለሁ» አሏት። እሷም እንደ ልማዳቸው ነው ብላ አለፈችው። «ሰውዬው ሊሻሻል ነው መሰለኝ» ብላ ለሥራ ጓደኛዋ ያወራችውም በዚያው ሰሞን ነው።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ጠዋት በር ላይ ያዘቻቸው።

«ክቡርነትዎ፣ ዛሬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። እኔም ለዛሬ ብዬ የያዝኩት ጉዳይ አለ» አሉና እየሣቁ ወጡ።

ረፋዱ ላይ ደወለች፤ ስልካቸው አይሠራም። ከምሳ በኋላ ደወለች፤ አሁንም አይሠራም። ለአንድ በሽተኛ የሳል ሽሮፕ ልትሰጥ የቁርጠት መድኃኒት ስታነሣ አለቃዋ ከእጇ ተቀበላትና «ሂጂ፣ ጉዳይሽን ጨርሺ» አላት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ቢያኮርፉም ያኩርፉ፣ ዛሬ ራሷ ልትከፍል ነው።

የመድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ጠባብ አዳራሽ ነው። አንድ መስኮት ብቻ ይሠራል፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ዘበኛው ቁልፎቹን ከወዲሁ እያንቃጨለ ነው። ሴትየዋ ቆማ ሰዓቱን ታያለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ደግሞ ሰዓቱን ታያለች። ጉድጓዱ በዓይኗ ይመጣባታል። ስልኩ ለምን ተዘጋ? ምሳውን በልቶ ይሆን? ኪኒኑንስ ውጦ ይሆን?

አንድ ክፉ ሐሳብ የመጣባት ያኔ ነው። የሚደርስ ነገር ካለ ዛሬ ይድረስ፣ አለች በልቧ። ዛሬ ከሆነ ውሉ አልፈረሰም። ሳልከፍል በሩ ተዘግቶ ነገ ከሆነ ግን ልጅቷ ባዶ እጇን መቅረቷ ነው። ቀን እያየ መደርደሪያ ማጽዳት የለመደ አእምሮ ነው እንዲህ ያለውን የሚያመጣ። ምን እንዳሰበች ግን ወዲያው ገባት። ባሏ የሚሞትበትን ቀን እየመረጠችለት ነበር! አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለች።

ከፊቷ የተሰለፉት ሽማግሌ ዞር ብለው «ምንም አልሆንኩም፣ ልጄ፤ ገፋ አላደረግሽኝም» አሏት።

ተራዋ ሲደርስ መስኮቱ ጀርባ ያለችው ያቺው የምትደውለው ልጅ ናት። ፊቷ በራ። «እትዬ! ምነው፣ በደኅና ነው?»

«አረቦኑን ልከፍል ነው፣ የኔ ልጅ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን አይደል?»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች። «ተከፍሏል እኮ።»

«ዛሬ መጥቶ ነበር?»

«ኧረ ዛሬ አይደለም! መክፈያው ቀን ሳይደርስ፣ ወሩም ሳይገባ ነው የከፈሉት። ጠዋት በሩን ስንከፍት ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ሥራ አስኪያጃችን ሳይቀር ወጥተው ጨበጧቸው።»

ይህን ሰምታ እልል ማለት ነበረባት። ስንት ዓመት የለመነችው ነገር ነው። እሷ ግን ወሽመጧ ቁርጥ አለ።

«ምን አለ? ሲከፍል ምን አለ?»

«ምንም አላሉ። ‹ዘንድሮስ አይቻልም› ብቻ ነው ያሉት» አለች ልጅቷ፤ ሣቋ ግን የሴትየዋን ፊት ስታይ ከአፏ ላይ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ «ክቡርነታቸው» ማለት ከአፍ አይወጣም። ሴትየዋ ከአዳራሹ እየሮጠች ስትወጣ የምታስበው ስለ ባሏ ነው፤ ማዕረግም ቅጽል ስምም የለበትም። ያ ሰው በቀኑ አይከፍልም። በቀኑ ከከፈለ ጊዜ እንደሌለ አንድ ሰው ነግሮታል ማለት ነው። ማነው የነገረው? ሐኪሙ ነዋ! «ሌላ ቀን እነግርሻለሁ» ያላት ይኼንን ነው። ቧንቧውን የጠገነው ለዚህ ነው። መሰላሉን የመለሰው ለዚህ ነው። የሰው ዕቃ ቤቱ ውስጥ እንዳይቀር፣ ለሚስቱ የሚያፈስ ነገር ትቶ እንዳይሄድ፣ ጉዳዩን አንድ በአንድ እየዘጋ ነበር። እሷ ደግሞ ሰውዬው ሊሻሻል ነው እያለች ለጓደኛዋ ታወራለች! ግራ ቀኝ ሳታይ መንገዱን ተሻገረች። ያ ሁለት ዓመት የጠላችው የቧንቧ ጠብታ አሁኑኑ ተመልሶ ጠብ ቢልላት የማትሰጠው ነገር አልነበረም።

ሳምንቱን የሚሠራበትን ሕንፃ ታውቀዋለች፤ ከመድን ድርጅቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። የሕንፃው ዘበኛ ትንፋሽ ሲያጥራት አይቶ ከወንበሩ ተነሣ።

«ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው፣ እህቴ። ጠዋት እንደገቡ ናቸው፤ ስልክም እዚያ አይሠራ፣ ለምሳም አልወጡ።»

«ድምፁን ሰምተኸዋል?»

ዘበኛው አሰበ። «ቅድም መዶሻ ነገር ሰምቻለሁ። አሁን እንኳ... ቆይቷል።»

የታችኛው የአሳንሰር በር ተከፍቶ በፕላስቲክ ጥብጣብ ታጥሯል። ጎኑ ግድግዳው ላይ ዋናው ማብሪያ አለ፤ ቀዩ ጓጉንቸር እንደተቆለፈ ነው። በእጇ ጨበጠችው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ሰውዬው አልወጣም። ወደ ጉድጓዱ አንገቷን አስግጋ «አንተ!» አለች። የራሷ ድምፅ ከላይ ተመልሶ መጣ፤ ሌላ ድምፅ ግን አልመጣም። «አንተ! የልጄ አባት!» አሁንም ጭጭ። ለሦስተኛ ጊዜ ልትጣራ ጥብጣቡን ወደ ጎን ገፋ አደረገች።

ያኔ ከላይ፣ ከሩቅ፣ «ማነው?» የሚል ተሰማ።

«እኔ ነኝ! ውረድ!»

«አንድ ብሎን ቀርታኛለች! ጊዜ አለ!»

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ክቡርነታቸው (ማዕረጋቸው ተመልሶላቸዋል) ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሮ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ በደረጃው ወረዱ። መጀመሪያ ማብሪያው ጋ ሄደው ጓጉንቸራቸውን ፈቱ። ከዚያ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ምን ሆነሻል? ልጅቷ ደኅና ናት?»

«ምንህን ነው ያመመህ?» አለች።

«እኔ?»

«ሐኪሙ ምን አለህ? እንዳትዋሸኝ! ሁሉንም አውቄያለሁ።»

ክቡርነታቸው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ዘበኛው ራቅ ማለቱን አይተው ከደረት ኪሳቸው መነጽር አወጡ። «ብሎኑ አልታይ ብሎኝ ነው» አሉ በለሆሳስ። «አርጅተሃል እንዳትዪኝ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።»

ሴትየዋ መነጽሩን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። መነጽር ነው። «ቧንቧውንስ? ለምን ጠገንከው?»

«የቱን ቧንቧ?»

«የወጥ ቤቱን ነዋ!»

«እኔ አልነካሁትም። ምናልባት ዝጎ ራሱን ደፍኖ ይሆናል። ሳይብስበት ማየት አለብኝ፤ ጊዜ...»

«መሰላሉስ?»

«ባለቤቱ መጥቶ ወሰደው። ያውም ሰድቦኝ ነው የሄደው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው በቀኑ የከፈልከው?» ብላ ጮኸች። ሴት ባሏ በቀኑ ከፈለ ብላ ስታለቅስ ያየ ሰው ካለ ያ ዘበኛ ብቻ ነው።

ክቡርነታቸው የእጃቸውን ቅባት አንድ ባንድ ከጣቶቻቸው ላይ ጠረጉ።

«ዓምና ሶፋው ላይ ጋደም ባልኩ ቁጥር ጣትሽን አፍንጫዬ ሥር ታመጪ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ተኝቷል ብለሽ ነው። እኔ አልተኛሁም ነበር። መጀመሪያ ሣቄ መጣ። ኋላ ግን ጣትሽ ሲንቀጠቀጥ ከንፈሬን ነካኝ። እኔ ጉድጓድ ስገባ ማብሪያውን ቆልፌ፣ ቁልፉን ይዤ ነው የምገባው። አንቺን ለካ በየዓመቱ አንድ ወር ሙሉ ሳልቆልፍልሽ ነው ጉድጓድ የማስገባሽ። ዘንድሮስ አይቻልም አልኩ።»

ሴትየዋ አፍንጫዋን በመሐረቧ ጠረገች።

«እሺ፣ ከፈልክ። ወሩን ሙሉ ስሳቀቅ እያየህ ለምን አትነግረኝም?»

«ልነግርሽ ነበር እኮ! ዛሬ ማታ። ለዛሬ የያዝኩት ጉዳይ አለ አላልኩሽም?»

«የከፈልክ ዕለት ለምን አልነገርከኝም ነው የምልህ!»

ክቡርነታቸው ወደ ጉድጓዱ አዩ፤ ወደ ዘበኛው አዩ፤ ማምለጫ አልነበረም።

«ጊዜ አለ ብዬ» አሉ።

በቦርሳዋ መታቻቸው። ደግማ መታቻቸው። ሦስተኛው ላይ ሣቋ አመለጣትና እጇ ዛለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው አውቶቡሱ ከተነቃነቀ በኋላ ተሳፈሩ፤ ዛሬ እሷም አብራቸው ሮጣ። ክቡርነታቸው ገና ወንበር ከመያዛቸው ጭንቅላታቸው ትከሻዋ ላይ ወደቀ። እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች እፎይ ለማለት ሞከረች። ውሉ ጸንቷል፤ ልጅቷ ባዶ እጇን አትቀርም፤ ሰውዬውም ከነመነጽሩ አለ። ግን እፎይታው ሊመጣላት አልቻለም። ድርጅቱ የሚታገሠው ለገንዘቡ ነው። ለሰውዬው አንድ ወር ጨምሮ የሚታገሥ ድርጅት የትም የለም። ለካ ስትፈራ የኖረችው አረቦኑን አልነበረም፤ ይህን ቅባት ቅባት የሚሸት፣ አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ደርሶላት የማያውቅ ሰውዬ ስለምትወደው ነበር፤ የዚህን ክፍያ ደግሞ የሚቀበል መስኮት የለም።

አውቶቡሱ ጉድጓድ ዘሎ ሲንገጫገጭ ክቡርነታቸው ንቅንቅ አላሉም። ሴትየዋ ቀስ ብላ ጣቷን አፍንጫቸው ሥር አደረገች።

«ጊዜ አለ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ጣቷን ግን አላነሣችም።